ተያዥ የሌለው ሰው

«እማዬ፣ ለማንም አትናገሪ ብሎኛል።»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሰኞ ጠዋት እህል ቤቴ ተቀምጬ የዘር ስንዴ እየለቀምኩ፣ ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ይዤ ነበር። የደወለችው ልጄ ትዕግስት ናት፤ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ውጭ አገር ሥራ አገኘሁ አለችኝ። ዳታ ሴንተር የሚሉት ትልቅ የኮምፒውተር ቤት ነው አለች። ደስ አለኝ። ቀጥላ ፓስፖርቷን ሰውዬው እንደያዘላት ነገረችኝ። እጄ ስንዴው ላይ ቆመ። ከዚያ ያቺን ቃል ጨመረች። ሰፌዱ ከጭኔ ላይ ተገለበጠ።

የጎረቤቴን የወይዘሮ አስካለን ልጅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እሱንም የኮምፒውተር ሥራ ብለው ሩቅ ምሥራቅ ወስደው በር ቆልፈውበት ሲያሠሩት ቆይተው፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ነው የተመለሰው። እሱንም ለማንም አትናገር ብለውት ነበር። ደግ ሥራ እኮ ለማንም አትናገሩ አይባልም። ሰው ሥራ ሲያገኝ እድርተኛው ሁሉ ይሰማል፣ እልል ይባላል።

ይህን የምጽፈው ሐዋሳን ላላያችሁ ለእድራችን ሴቶች ነው። እህል ቤቴ በር ላይ ቆማችሁ «እስቲ ንገሪን» ትሉኛላችሁ፤ ለአንዷ የነገርኩት ሌላዋ ጋ ሲደርስ ተለውጧል። አራተኛ ክፍል ባደረሰኝ ፊደል እንደሆነው እንደሆነው ጻፍኩት።

ማክሰኞ

ጎህ ሲቀድ ከአዳባ ተነሳሁ። የያዝኩት በሶ፣ ውሃና ጃንጥላ ነው። ጃንጥላው ለዝናብ አልነበረም። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ለብቻዬ ከዶዶላ አልፌ አላውቅም።

አውቶብሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት፣ ኮፈሌ ስንደርስ ብርቱካን ልጣ «እማማ፣ እንኩ» አለችኝ። መንገድ ላይ መድኃኒት ያለበት ነገር አብልተው ሰው ያስተኛሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት። ልጅቱ የራሷን ግማሽ በልታ አንዴም ሳታንቀላፋ ሻሸመኔ ድረስ ስታወራኝ መጣች። ስንወርድ ዕቃዬን ያዘችልኝ። ብርቱካኑ ኪሴ ውስጥ ፈርጦ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ አበላሸው። ይበለኝ።

ሻሸመኔ መናኸሪያ «ሐዋሳ፣ ሐዋሳ፣ ሐዋሳ» የሚል ሰው ከየት መጣ ሳልል ፌስታሌን ከእጄ መንጭቆ ሮጠ። በጃንጥላው ጀርባውን አልኩት።

«እማማ ምን አደረግኩ? ረዳቱ እኮ ነኝ!»

ዕቃዬን ሊጭንልኝ ኖሯል። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እሱም ጀርባውን እያሸ «በሉ እርስዎ ፊት ይቀመጡ፤ ሽፍታ ቢመጣ ይጠብቁናል» አለኝ።

ሐዋሳ ስንገባ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። እኛ ጋ በዚህ ሰዓት ጋቢ አይወልቅም። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ባጃጁ እንደ ንብ ነው። አዳባ ጋሪ ስትሳፈሩ ፈረሱንም፣ ባለቤቱንም፣ የባለቤቱንም አባት ታውቃላችሁ። ባጃጅ ግን ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ስለዚህ ከመሳፈሬ በፊት የታርጋውን ቁጥር በእስክሪብቶ መዳፌ ላይ ጻፍኩ።

«እማማ፣ ምን እየጻፉ ነው?» አለኝ ባለባጃጁ።

«የልጄን ስልክ።»

«የልጅዎ ስልክና የኔ ታርጋ አንድ ነው እንዴ?»

መዳፌን ጨብጬ ተሳፈርኩ። እሱ እየሳቀ ነዳ። ልጄ የተከራየችው ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ ነው፤ ቤቱን ሲፈልግ ቆሞ አንዲት ሴት በሲዳምኛ አነጋገረ። እኔ ቋንቋውን አልሰማም። ሴትዮዋ አየችኝና በእጇ አመለከተችው። ሊሸጠኝ ነው ብዬ አንድ እግሬን ወደ ውጭ አወጣሁ። ለካ የልጄን አከራይ ቤት ነው የጠየቃት።

አከራይዋ ወይዘሮ ማርታ ትባላለች፤ የሲዳማ ሴት ናት፣ ጴንጤ ናት፣ ገበያ ላይ ልብስ ትሸጣለች። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው በሯ ላይ ነው። ሁለት ቁልፍ! ለምን ሁለት? ማርታ ዓይኔን ተከትላ አየችና «ለሌባ ነው እትዬ፤ ለተከራይ አይደለም» አለችኝ።

ትዕግስት ከትምህርት ቤት እስክትመጣ ቡርሳሜ አቀረበችልኝ፤ ቆጮ ነው፣ በቅቤ ተለውሶ በእርጎ የሚበላ። እጄን ታጥቤ ቁጭ ብዬ እሷ እስክትጀምር ጠበቅኩ። ጀመረች። ከሷ በኩል ብቻ ስለበላች አሁንም ጠበቅኩ። ማርታ ሳቋ አመለጣት።

«በየት በኩል ልቅመስልዎት?»

ሳህኑን አዙራ ከአራቱም በኩል ቀመሰችልኝ። አፈርኩ። በላሁ። ምን ልበላችሁ፣ ከእኛ ገንፎ ጋር ወንድምና እህት ነው።

ልጄ ስትመጣ ከስታለች፣ ዓይኗ ግን ያበራል። ለምን መጣሽ አላለችኝም። «ነገ ሰውዬውን ታገኚዋለሽ፤ እማዬ ስታዪው ትወጂዋለሽ» አለችኝ።

ረቡዕ

ሰውዬው የቀጠረን ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ግቢ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ውሃው ዳር ቆሟል፤ ጭንቅላቱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ። ዓሳ የሚያጸዱትን ሰዎች ሳይነቃነቅ ያያል። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ወፉን ጠላሁት።

ሰውዬው ግን ገና ከሩቅ ሲያየን ተነሳ። ብሩክ እባላለሁ አለ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ፣ ወንበር ሳበልኝ፣ «እናቴ» አለኝ። የጎባ ልጅ ነኝ ሲለኝ ግማሽ ልቤ ፈታ አለ። እኛ የባሌ ሰዎች የአገር ሰው ስናገኝ እንዲሁ ነን።

«እናቴ፣ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው፤ ሽሮ ልዘዝልዎት?» አለ። ሌላው ግማሽ ልቤም ሄደ። በሰው አገር ጾሜን ያወቀልኝ ልጅ!

ለራሱ ማኪያቶ አዘዘ። ወተቱን ሲያማስለው አየሁት።

«አንተ አትጾምም?»

«ሐኪም ከልክሎኝ ነው እናቴ፤ ጨጓራ።»

እውነት ይሆናል አልኩ። የረዳቱን ጀርባ በጃንጥላ የመታሁ፣ የማርታን ሳህን ያስዞርኩ ሴትዮ፣ ለዚህ ሰው እውነት ይሆናል አልኩ! እሱ ትዕግስት እዚያ የአንድ አዳራሽ ማሽን አዛዥ እንደምትሆን፣ ቤት እንደሚሰጣት ነገረኝ። ወረቀት አወጣ፤ እንግሊዝኛ ነው። እናት ወዳ ፈቅዳ ልጇን እንደላከች የሚል ነው አለኝ፤ ፊርማዬ ብቻ ነው የቀረው።

ፊርማዬን እችላለሁ። እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ግን ያላነበብኩትን ፈርሜ አላውቅም፤ እህል ሳልሰፍር ተቀብዬ እንደማላውቀው ማለት ነው። «መነጽሬን ረስቻለሁ፤ አርብ እፈርማለሁ» አልኩት። መነጽር ኖሮኝም አያውቅም። እሱ ቅር አላለውም። እንዲያውም መርቁኝ ብሎ ጎንበስ አለ፤ መረቅኩት። «ከክፉ ይሰውርህ» አልኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ቱላ ስንመለስ ማርታን ወድጄዋለሁ አልኳት። ማርታ ቡናዋን እየቀዳች «ማነው የሚያውቀው?» አለችኝ። «ትዕግስት ታውቀዋለች» አልኩ። «ሌላስ?» አለች። ስኒዬን ተቀብዬ ወሬ ቀየርኩ።

ሐሙስ

ያን ጠዋት ልጄ ቀስ ብላ ስትወጣ ያዝኳት። የምትማርበትን ቤት አሳዪኝ አልኳት። «እማዬ፣ መምህሬ እንዳይሰማ» አለችኝ። ምኑን? «መሄዴን።» መምህሯን ያን ጊዜ ጠረጠርኩት። ልጄ የምትፈራው ሰው ምን ዓይነት ነው?

ዶክተር ደጀኔ ይባላል። ቀና ብሎ እንኳ በወጉ አላየኝም፤ «ጫማዎትን ይጥረጉ፣ ክፍሉ አቧራ አይወድም» ነው ያለኝ። በሩ በካርድ ይከፈታል። ውስጡ ብርድ ነው፣ ልክ እንደ አዳባ። ብረት መደርደሪያ ላይ ጥቁር ጥቁር ሳጥኖች ተደርድረው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ድምፃቸው እንደ ወፍጮ ቤት ነው።

«እዚህ ማን ነው የሚቆለፍበት?» አልኩት ፊት ለፊት።

«ማሽኖቹ ናቸው እማማ። ሰው እዚህ አንድ ሰዓት ከተቀመጠ ጉንፋን ይይዘዋል።»

ልጄ ሥራዋን አስረዳችኝ፤ እንደገባኝ ልንገራችሁ። ከሳጥን ወደ ሳጥን ጽሑፉም ሥዕሉም ይመላለሳል። ድሮ በየመንታ መንገዱ ያለው ሳጥን መንገዱን የሚመርጠው ለብቻው ነበር፤ ተራ አስከባሪ እንደሌለው መናኸሪያ ማለት ነው። አሁን አንድ ተራ አስከባሪ ይቆምላቸዋል፤ ሁሉን ከላይ አይቶ አንተ በዚህ ሂድ፣ አንተ በዚያ ዙር ይላል። ይህ ተራ አስከባሪ ሰው አይደለም፣ ልጄ የጻፈችው ትእዛዝ ነው። ሌላው ደግሞ ማስቀመጡ ነው። አንዱን ነገር ሦስት ሳጥን ላይ ያኖሩታል፤ አንዱ ቢሞትም ሁለቱ ይሰጣሉ። ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ አላስፈለገኝም። የዘር ስንዴዬን ለነቀዝ ብዬ በሦስት ዘመድ ቤት አይደል የማስቀምጠው?

ዶክተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «እማማ፣ ያን ምሳሌ ልሰርቅዎት ነው» አለኝ። ከዚያ ከሳጥኖቹ በአንዱ ላይ የተሰካውን ገመድ ነቀለ። ከሳጥኖቹ እየመጣ በኮምፒውተሩ መስኮት የሚታየው ፊልም ትንሽ ተንገዳገደና ቀጠለ።

«በየት ዞሮ መጣ?» አልኩ።

«በሌላ መንገድ። የትዕግስት ትእዛዝ አዞረው።»

«እሷ ግን ከቦታዋ አልተነሳችም።»

«እዚህ መሆንም የለባትም። ክረምት የቱላ መንገድ ጭቃ ሲሆንባት አልጋዋ ላይ ሆና ነው የምታዘው። የጥናቱ ቁም ነገር ይኸው ነው እማማ፤ ሳጥኑ ጋ ሳይሄዱ፣ ሳይነኩ፣ በጽሑፍ ማዘዝ።»

ወደ ዶክተሩ ቀረብኩ።

«እንግዲያው ያ ሰውዬ ጽሑፏ ከቱላ ከደረሰለት፣ ገላዋን ምን ሊያደርገው ነው የሚጭነው?»

«እማዬ!» አለች ልጄ።

«የትኛው ሰውዬ?» አለ ዶክተሩ።

ለማንም አትናገሪ የተባለውን ሁሉ እዚያ ብርድ ላይ ቆሜ ዘከዘኩት። ዶክተሩ እስክጨርስ ጠበቀ። «ውጭ ሄደው የሚሠሩ ተማሪዎች አሉኝ» አለ። «የእነሱ ቀጣሪዎች ግን መጀመሪያ እኔን ነው የጠየቁኝ፤ ምን ዓይነት ልጅ ናት፣ ምን ትችላለች ብለው። ስለ ትዕግስት ማንም አልጠየቀኝም።»

«ተያዥ አልጠየቀም ማለት ነው» አልኩ። እኔ እህል የሚሰፍርልኝ ሰው ስቀጥር፣ የሚያውቀው ሰው መጥቶ «እኔ አለሁለት» ብሎ ካልፈረመ በሬን አላስረግጠውም። ይህ ሰው ለልጄ ተያዥ አልፈለገም። እሱስ? የማርታ ጥያቄ ያን ጊዜ ተመልሶ መጣብኝ።

በባጃጅ ስንመለስ ልጄ አለቀሰች። «እዚህ ያሉን ሳጥኖች እኮ ጥቂት ናቸው፣ እነሱም አሮጌ ናቸው። እሱ አዳራሽ ሙሉ ነው ያለኝ። አንድ ቀን እንኳ ሥራዬን በትክክለኛው ቦታ ባየው ብዬ ነው።» ስስት አይደለም የያዛት፤ የሥራዋ ፍቅር ነው። እሱም ያንን አውቆ ነው በዚያ የያዛት።

«አርብ አልሄድም» አለች ቤት ስንደርስ።

«እንሄዳለን። ፓስፖርትሽ እሱ ጋ ነው» አልኳት።

አርብ

አራት ሆነን እዚያው ሐይቅ ዳር ሆቴል ሄድን፦ እኔ፣ ትዕግስት፣ ማርታና ማክሰኞ መዳፌ ላይ ታርጋውን የጻፍኩት ባለባጃጅ። ለካ የማርታ የአክስት ልጅ ነው። ማርታ ገበያዋን ዘግታ መጥታ ሌላ ጠረጴዛ ላይ እንደማታውቀን ሆና ተቀመጠች፤ ባለባጃጁ በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቀ።

ሰውዬው እንደ ረቡዕ ተነሳ፣ እንደ ረቡዕ ጎንበስ አለ። «እናቴ፣ መነጽሩን አመጡ?»

«አምጥቻለሁ። ከመፈረሜ በፊት ግን ፓስፖርቷ ላይ ያለውን ፎቶ ልየው። መልኳን ሳላይ ልጄን አልሸኝም።»

ሳቀ። ከቦርሳው በላስቲክ የታሰረ የፓስፖርት ክምር አወጣ። የብዙ እናት ልጅ እዚያ ላስቲክ ውስጥ ነበር። የልጄን መዝዞ ሰጠኝ። ገለጥኩት፤ እሷ ናት። ከነጠላዬ ሥር አስገብቼ መቀነቴ ውስጥ ጠቀለልኩት፣ ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት።

«እናቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«አሁን ተያዥህን ጥራልኝ።»

«የምን ተያዥ?»

«አንድ ኩንታል ስንዴ ለማሰፍረው ሰው ተያዥ እቀበላለሁ። ለልጄ ልተወው? ሐዋሳ ውስጥ አውቀዋለሁ የሚልህ አንድ ሰው ጥራ።»

«ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው እናቴ፤ እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

«ዓለም ሁሉ ካለህ ከዓለም አንድ ሰው አጣህ?» አስተናጋጇ ማኪያቶውን ይዛ ደረሰች። «ልጄ፣ ይሄን ሰው ታውቂዋለሽ?» አልኳት። «እዚህ ይጠጣል እንጂ አላውቀውም» አለች። «ጎባስ? ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው ያደግከው ወይስ ገበያው ጋ? የአባትህን ስም በለኝና አሁኑኑ ልደውል፤ ጎባ የማላውቀው ቤት የለም።» ይህ ውሸቴ ነው፤ ጎባ የማውቀው ሦስት ቤት ነው።

ፊቱ ተለወጠ። «አንቺ ሴትዮ፣ ያልገባሽ ነገር ውስጥ አትግቢ» አለኝ። እናቴም እርስዎም እዚያ ላይ አለቀ። «እሷ እዚያ ሄዳ ማሽኖቹን በእጇ መያዝ አለባት።»

ያን ጊዜ ልጄ ቀና አለች። ቃሏ ጥርት ያለ ነው። «አይያዝም። የኔ ሥራ አይያዝም። ከዚህ ሆኜ ልሥራልህ፤ ነገ እጀምራለሁ። ማሽኖቹን ክፈትልኝና ከቱላ ላዛቸው።»

በመልስ ፈንታ እጁን ወደ ወገቤ ዘረጋ። ማርታ ከጠረጴዛዋ ተነስታ በሲዳምኛ ወደ ዘበኛው ጮኸች፤ ያቺ ማክሰኞ ያስደነገጠችኝ ቋንቋ፣ ያን ቀን እንዴት እንደጣፈጠችኝ! ዘበኛው ዱላውን ይዞ መጣ። ከኋላው ዓሳ የሚያጸዱት ሰዎች ቢላቸውን እንደያዙ ቀና ቀና አሉ። ሰውዬው ቦርሳውን አቅፎ በፍጥነት ወጣ። ማኪያቶው ሳይጠጣ ቀረ። ጾም ነበር፤ ቢቀር ይሻላል።

ከዚያ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ያየነውን ሁሉ አስመዘገብን። እነዚያ በላስቲክ የታሰሩት ልጆች ግን ዛሬም ከልቤ አልወጡም።

ከሰዓት ዶክተር ደጀኔ ቱላ ድረስ መጣ። ወረቀት በእጁ ጽፎ አምጥቷል፣ በአማርኛ፤ አንድ በአንድ ራሴ አነበብኩት። «ትዕግስት ጥናቷን እስክትጨርስ ተያዥዋ እኔ ነኝ፤ ውጭ የሚጠይቃት ቀጣሪ ቢመጣ መጀመሪያ ለእናቷ አሳውቃለሁ» ይላል። ማርታ ምስክር ሆና ፈረመች። እኔም ሰውዬው ሁለት ቀን የለመነኝን ፊርማ እዚያ ላይ አኖርኩ።

«በሦስት ይጻፍ» አልኩ። «አንዱ ለኔ፣ አንዱ ለማርታ፣ አንዱ ለእርስዎ። አንዱ ቢጠፋ ሁለቱ ይገኛሉ።»

ልጄ ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዋን ሳቅ ሳቀች። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ጥናቴ ነው!»

ቅዳሜ

ስነሳ ፓስፖርቱ አሁንም መቀነቴ ውስጥ ነበር። አዳባ ይዤው ልሄድ አስቤያለሁ፤ ሣጥኔ ውስጥ ማን ይነካዋል? ትዕግስት መናኸሪያ ልትሸኘኝ መጥታ እጇን ዘረጋች።

«አንቺም እንደሱ ልትይዢብኝ ነው?»

ቋጠሮውን ለመፍታት ጊዜ ወሰደብኝ። ፈታሁት። ሰጠኋት። «ለማንም ተናገሪ» አልኳት። «የሚመጣልሽን ነገር ሁሉ ለማንም ተናገሪ።»

በሻሸመኔ፣ በኮፈሌ፣ በዶዶላ አልፌ መጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ቆሎ ዘረጉልኝ፤ ቆነጠርኩ፣ በላሁ፣ ለእሳቸውም በሶዬን አካፈልኩ። ከኮፈሌ በኋላ ብርዱ ሲገባ ጋቢዬን ለበስኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አዳባ ወረድኩ፤ ጋሪ ተሳፈርኩ፣ ፈረሱንም ባለቤቱንም አውቃቸዋለሁ። ቤቴ ገባሁ። ስልኩ ጮኸ። ትዕግስት ናት፤ ማርታ ቤት ገብታለች፣ ሁለቱም ቁልፍ ተቆልፏል።

ቤቴ ነኝ። ልጄ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ።